ነፈቃ የልጅ ሐቅ ነው
(የተለያዩ ወላጆች በገንዘብ ሲጣሉ በልጅ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት ለጀመዓው የቀረበ ንግግር)

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ በየቤታችን የሚታወቅ፣ በአደባባይ ግን እምብዛም የማይነሣ ነው። ባልና ሚስት ተፋቱ እንበል። ኒካሁ ፈረሰ፣ ዒዳው አለቀ፣ ዕቃው ተከፈለ፣ ሽማግሌው ወደየቤቱ ሄደ። ሰዉ ጉዳዩ አለቀ ይላል። ነገር ግን በመካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ አለ። የልጁ ምግብ፣ የልጁ ልብስ፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ጠቡ ያላለቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ በትዳራቸው ዘመን ያላለቀላቸውን ቂም ሁሉ በዚህች በየወሩ በምትመጣ ገንዘብ ላይ ያወርዱታል። በአገራችን «የአባት ዕዳ ለልጅ» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን የአባትም የእናትም ዕዳ ገና በሕፃንነቱ በልጁ ትከሻ ላይ ሲጫን እናያለን።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። ፍች አላህ ዘንድ የተወደደ ነገር ባይሆንም ተፈቅዷል። መለያየታቸው ራሱ ልጁን ያጠፋዋል ማለት አይደለም። ወላጆቻቸው ተለያይተው በመልካም ሥነ ምግባር ያደጉ ልጆች ብዙ ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር እየተሰዳደቡ በሚኖሩ ወላጆች መካከል የተጎዱም አሉ። ልጁን ይበልጥ የሚጎዳው ከመለያየቱ በኋላ የማያባራው ጠብ ነው። ይልቁንም ጠቡ በእርሱ ስም፣ በእርሱ ምግብና በእርሱ ደብተር ሲሆን ጉዳቱ ይበረታል።

ቁርኣን ይህን ጉዳይ የት ቦታ እንዳነሣው ማስተዋል ያስፈልጋል። በሱረቱል በቀራ ስለ ፍች በሚናገሩት አንቀጾች መካከል፣ በቁጥር 233 ላይ፣ ነገሩ ከባልና ከሚስት ወጥቶ ወደ ሚጠባው ሕፃን ይዞራል። ጡት የማጥባትን ጊዜ ይናገራል፤ የአጥቢዋን ምግብና ልብስ በታወቀው ልክ በአባትየው ላይ ያደርጋል፤ ማንም ከዐቅሙ በላይ እንደማይገደድ ይገልጻል። ከዚያም እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳ፣ አባትም በልጁ ምክንያት እንዳይጎዳ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይከላከላል። ሕፃኑን ከጡት ለማስጣል እንኳ ሁለቱ ተመካክረውና ተስማምተው እንዲሆን ያዛል። በሱረቱ ጦላቅ ቁጥር 6 እና 7 ላይም የተፋቱት ወላጆች ስለ ልጁ በመልካም እንዲመካከሩ፣ ሀብት ያለውም ከሀብቱ፣ ሲሳዩ የጠበበበትም አላህ ከሰጠው ላይ እንዲያወጣ ታዟል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ትዳሩ ቢፈርስም ምክክሩ አልፈረሰም። ባልነትና ሚስትነት ሲያልቅ አባትነትና እናትነት አያልቅም።

ከዚህ የምንረዳው ዋናው ነገር ነፈቃ የማን ሐቅ እንደሆነ ነው። ብዙ አባት ነፈቃን ለቀድሞ ሚስቱ እንደሚከፍለው ደመወዝ ወይም እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል። ስለዚህ በእርሷ በተናደደ ቁጥር ይቀንሰዋል፣ ያዘገየዋል፣ ይከለክለዋል። ነገር ግን ባለ ሐቁ ልጁ ነው። እናትየዋ የምትቀበለው ልጁን ወክላ ነው። ዑለሞቻችን ሕፃኑ የማን ዘንድ ይደግ፣ እስከ ስንት ዓመቱ ይቆይ በሚለው ዝርዝር ላይ በየመዝሀቡ ይለያያሉ። የራሱ ሀብት የሌለው ሕፃን ነፈቃ በአባቱ ላይ መሆኑ ግን የታወቀ ነው። ሰዎችን ሲያሳስት የምናየው አንድ ነገርም አለ፤ አባት ለልጁ የሚያወጣው ነፈቃ ከዘካው ላይ የሚታሰብ አይደለም። ግዴታ ሆኖ የተጣለብን ወጪ በዘካ አይተካም። በሌላ በኩል ለቤተሰብ የሚወጣ ገንዘብ ታላቅ ምንዳ እንዳለው፣ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ለድኻ ከሚሰጠውም አስበልጠው ነው የጠቀሱት። ስለዚህ አባት ነፈቃውን ሲሰጥ እየከሰረ አይደለም።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር፣ ነፈቃና ልጅን ማየት ሁለት የተለያዩ ሐቆች መሆናቸው ነው። አንዱ የሌላው ዋጋ አይደለም። በየሰፈሩ የምንሰማው ግን ሌላ ነው። አባት «ልጄን ካላሳየችኝ አምስት ሳንቲም አልሰጥም» ይላል። እናት «ገንዘቡን ካላመጣ የልጁን ጥላ አያያትም» ትላለች። ሁለቱም ሐቃቸውን ያስከበሩ ይመስላቸዋል። በመካከሉ ልጁ በአንድ በኩል ምሳውን፣ በሌላ በኩል አባቱን ያጣል። ሁለት ሰዎች በተጣሉ ሁለቱንም ቅጣት የተቀበለው ያልተጣላው ሦስተኛው ሰው ነው። ይህ ዙልም ካልሆነ ዙልም ምንድን ነው?

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፤

በልጁ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በዝርዝር እንመልከት፤ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ «ልጅ ምን ያውቃል» ብሎ ራሱን ያታልላል።

አንደኛ፣ ልጁ መልእክተኛ ይደረጋል። «ሂድና አባትህን የቤት ኪራይ ደርሷል በለው» ይባላል። ሄዶ ሲናገር አባቱ ይቆጣል፤ ባዶ እጁን ሲመለስ እናቱ ታዝናለች። የአዋቂዎቹን ቁጣ ሁሉ ፊት ለፊት የሚቀበለው እርሱ ነው። ቀን በቆየ ቁጥር አባቱን ለማየት ሲሄድ ሆዱን የሚያመው፣ ራሱን የሚያመው ልጅ አለ። ሕመሙ ውሸት አይደለም፤ የተሸከመው መልእክት ነው።

ሁለተኛ፣ ልጁ ሰላይ ይሆናል። «አባትህ አዲስ ቴሌቪዥን ገዛ ወይ? ሚስቱ ወርቅ አድርጋለች?» ተብሎ ይጠየቃል። በወዲያኛው ቤት ደግሞ «የላክሁላችሁን ገንዘብ እናትህ ምን አደረገችበት?» ይባላል። ልጁ ሁለቱንም ስለሚወድ ለእያንዳንዳቸው መስማት የሚፈልጉትን መናገር ይለምዳል። ውሸትን ያስተማረው መንገድ ላይ ያገኘው ጓደኛ አይደለም፤ እኛው ነን። ከዚያ በኋላ በመድረሳ ስለ እውነተኝነት የሚማረው ትምህርት ከቤት ከሚያየው ጋር ይጋጭበታል።

ሦስተኛ፣ ልጁ ራሱን እንደ ዕዳ ማየት ይጀምራል። ስለ እርሱ ጫማና ስለ እርሱ ደብተር ሲጨቃጨቁ በሰማ ቁጥር «እኔ ባልኖር ኖሮ ባልተጣሉ ነበር» ብሎ ይደመድማል። እንዲህ ያለ ልጅ መጠየቅ ያቆማል። ጫማው ጠቦት እግሩ እየቆሰለ ዝም ይላል፤ በትምህርት ቤት ክፍያ ሲጠየቅ ረሳሁት ይላል። እናትና አባት «ጨዋ ልጅ፣ አያስቸግርም» ብለው ያመሰግኑታል። የልጅ ዝምታ ሁልጊዜ ጨዋነት እንዳልሆነ ማወቅ ይገባናል።

አራተኛ፣ አንዳንዱ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። ፍቅር በገንዘብ እንደሚለካ ከወላጆቹ ስለተማረ፣ ብዙ ወደሚሰጠው ያደላል፤ አንዱን በሌላው እያስፈራራ የፈለገውን ማግኘት ይለምዳል። ካደገ በኋላም ትዳር ሲይዝ የሚያውቀው ሒሳብ ይኸው ነው። በልጅነቱ ያየውን በራሱ ቤት ይደግመዋል።

እንግዲህ ከሁለቱም ወገን የሚሰሙትን ምክንያቶች በተራ እንመርምር።

አባት «ገንዘቡን ለራሷ ታውለዋለች» ይላል። ልጅ የሚበላው ከእናቱ ድስት ነው፤ የሚተኛው እርሷ በምትከራየው ቤት ነው። የልጁን ዘይትና የልጁን መብራት ከእናቱ ለይቶ የሚሰፍር ማን ነው? ልጁ ጠግቦ፣ ለብሶ፣ ትምህርቱን እየተማረ ከሆነ ገንዘቡ ቦታው ደርሷል። በእርግጥ ልጁ እየተራበና እየታረዘ ከሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ያን ጊዜም መፍትሔው ዕቃውን ራስ ገዝቶ ማምጣት ወይም ክፍያውን በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ መክፈል እንጂ መከልከል አይደለም።

አባት «የለኝም» ይላል። ላጣ ሰው ሸሪዓው በር ከፍቶለታል፤ ካለው ላይ ይስጥ ነው የተባለው። ነገር ግን የሌለው ሰው የሌለውን መጥቶ ይናገራል፤ ስልኩን አያጠፋም፣ ሰፈር አይቀይርም። ትንሽም ብትሆን በቀኗ የምትመጣ ገንዘብ ለልጁ ትልቅ ነገር ትነግረዋለች፤ አባቴ አልረሳኝም ትለዋለች። በዒድ ቀን ውድ ጫማ ገዝቶ መጥቶ፣ ሰው እያየ አቅፎ ስሞ፣ ለቀሩት ወራት የሚጠፋ አባት ግን ልጁን የሚያገኘው በደስታው ቀን ብቻ ነው። ዳቦ የሚያስፈልገው በየቀኑ ነው።

አባት «ሌላ አግብታለች፣ እርሱ ያብላው» ይላል። የእንጀራ አባት ቢያበላ ሰደቃው ነው፤ የወላጁን ግዴታ ግን አያነሣለትም። ራሱም ሌላ አግብቶ ከወለደ፣ በኋለኛው ቤት ያሉትን ብቻ ልጆቼ እንዳይል ይጠንቀቅ። ቡኻሪና ሙስሊም ከኑዕማን ኢብኑ በሺር በዘገቡት ሐዲሥ፣ አንድ አባት ለአንዱ ልጁ ለይቶ ስጦታ ሰጥቶ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር እንዲሆኑለት በጠየቀ ጊዜ፣ ለሁሉም ልጆቹ እንዲሁ ሰጥቶ እንደሆነ ጠይቀውት፣ አለመስጠቱን ሲያውቁ አላህን እንዲፈራና በልጆቹ መካከል እንዲያስተካክል ነገሩት። ከመጀመሪያዋ ሚስት የተወለደውም ልጅ በዚህ ውስጥ አለበት።

ወደ እናቶች ስንመጣ፣ እውነቱን ለመናገር በአብዛኛው ሸክሙ የወደቀው በእነርሱ ላይ ነው። ሌሊት የሚያለቅሰውን ልጅ የምታባብል፣ ጎረቤት ተበድራ የምታበላ እርሷ ነች። የሂንድ ቢንት ዑትባ ታሪክ የታወቀ ነው። ባሏ አቡ ሱፍያን የሚበቃትን እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በነገረቻቸው ጊዜ፣ ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃውን በታወቀው ልክ እንድትወስድ ፈቅደውላታል። በዚህ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። አንዱ፣ እናት የልጇን ሐቅ መጠየቋ ነውር አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ጥያቄው ልክ ያለው መሆኑ ነው፤ የሚበቃ፣ የታወቀው ልክ። የቀን ሠራተኛን የነጋዴ ያህል መጠየቅ፣ አባትየውን በሥራ ቦታው ሄዶ በሰው ፊት ማዋረድ፣ ልጁን «አባትህ ስስታም ነው» እያሉ ማሳደግ ልክ ማለፍ ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፣ አባትን ለማዋረድ ተብሎ የልጅ ልብ ይሰበራል። ልጁ ግማሹ ከእርሱ ነው፤ አባቱ ሲሰደብ ራሱም የተሰደበ ይመስለዋል።

በዘመናችን ደግሞ ነገሩ የተገላበጠበት ቤት ብዙ ነው። እናት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ወደ ኤምሬትስ፣ ወደ ኩዌት ወይም ወደ ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ሄዳ ገንዘብ የምትልከው እርሷ ናት፤ ልጁ ከአባቱ ወይም ከአያቱ ዘንድ ነው። የተላከው ገንዘብ ለልጁ ሳይሆን ለሌላ ጉዳይ ሲውል፣ ወይም «ካልላክሽ ልጅሽን በስልክ አላገናኝሽም» ሲባል፣ ይህም ያው ዙልም ነው። በላቧ ያመጣችው ገንዘብ አማና ነው። አማናን የበላ ሰው፣ አባትም ይሁን አጎት ወይም አክስት፣ በአኼራ ይጠየቅበታል። እናትም በበኩሏ ናፍቆቷን በገንዘብና በስልክ ቀፎ ብቻ ለማካካስ ብትሞክር ልጁ አይጠግብም። ድምጿን መስማት፣ ስለ ትምህርቱ መጠየቋ ይበልጥበታል።

ሕጉም ምን እንደሚል በአጭሩ ማወቅ ይጠቅማል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ወላጆቻቸውን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳላቸው፣ ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይም የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ደንግጓል። በአንቀጽ 34 ደግሞ ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ መንገድ ከፍቷል። በዚሁ መሠረት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተደራጅተው ስለ ኒካሕ፣ ስለ ፍች፣ ስለ ቀለብና ስለ ሕፃናት ሞግዚትነት የሚነሡ ክርክሮችን ያያሉ፤ መሠረቱ ግን የሁለቱም ወገን ፈቃድ ነው። ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት የሚሄድም በአዋጅ ቁጥር 213/1992 በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ወይም በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ይዳኛል። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከልም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስጠይቅ ነው። ቃዲም ሆነ ዳኛ ግን የገንዘቡን መጠን ይወስን ይሆናል እንጂ፣ አባትና እናት በልጁ ፊት እንዴት እንደሚነጋገሩ ሊወስንላቸው አይችልም። ያ በእኛው እጅ ነው።

ስለዚህ ሊሠሩ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን ላቅርብ።

1. ስምምነቱ ይጻፍ። አላህ በሱረቱል በቀራ ቁጥር 282 ዕዳ እንዲጻፍና እንዲመሰከርበት አዟል። የልጅን ነፈቃ በቃል ብቻ መተው ጠብ መዝራት ነው። ስንት ብር፣ በወሩ በስንተኛው ቀን፣ በማን እጅ የሚለው ይጻፍ፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት።

2. ገንዘቡ በልጁ እጅ አይላክ። በባንክ ወይም በቴሌብር ቢላክ ማስረጃ ይቀራል፤ «ሰጥቻለሁ፣ አልተቀበልሁም» የሚለው ክርክር ይቀንሳል። ይህ ካልተመቸ ሁለቱም የሚያምኑት ዘመድ ወይም ጎረቤት ይቀበል።

3. የወሩ ወጪና ድንገተኛው ወጪ ይለይ። ሕመም፣ የመስከረም የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የዒድ ልብስ በወሩ ገንዘብ የማይሸፈኑ ናቸው። ማን ምን ያህል እንደሚሸፍን አስቀድሞ ይታወቅ። ኑሮ እየተወደደ፣ ልጁም እያደገ ስለሚሄድ በዓመት አንድ ጊዜ ተገናኝተው መጠኑን ይመርምሩት።

4. ልጁን የሚያይበት ቀን ከገንዘቡ ጋር አይያያዝ። ገንዘቡ የዘገየበት ሳምንትም ልጁ አባቱን ይይ። ልጁ ያልመጣበት ሳምንትም ነፈቃው ይድረስ። የተበደለ ካለ ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ቃዲ ይሂድ፤ በልጁ አይበቀል።

5. ልጁ ስለ ገንዘብ ቢጠይቅ መልሱ አጭርና እውነተኛ ይሁን። «አባትህና እኔ እንነጋገርበታለን፤ ያንተ ሥራ መማርና መጫወት ነው» ማለት ይበቃል። ባዶ ተስፋም፣ የሌላውን ስም ማጥፋትም አይጨመርበት።

ጀመዓውም ድርሻ አለው። ለፍች የምንቀመጥ ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የመህሩንና የዕቃውን ነገር ጨርሰን፣ የልጁን ነገር «አላህ ያውቃል» ብለን እንነሣለን። ከእንግዲህ የልጁ ነፈቃና የሚጎበኝበት ቀን ሳይጻፍ ከሽምግልናው ምንጣፍ ባንነሣ መልካም ነው። አያቶችና አክስቶች ለልጆቻቸው ወገን መያዛቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከሕፃኑ ፊት አፋቸውን ይጠብቁ። ቡና ላይ የተነገረው ሁሉ ሕፃኑ ጆሮ ይገባል። የመድረሳ ኡስታዞቻችንም ክፍያ ያልመጣለትን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ባይጠሩት፣ ወላጁን ለብቻው ቢያነጋግሩ የልጁን ክብር ይጠብቃሉ። እውነተኛ ችግር ሲኖርም ኮሚቴው እንዲያውቀው ይሁን፤ የአንድ ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም ከዚህ ሁሉ ጀመዓ ዐቅም በላይ አይደለም። ይህ ግን አባትየውን ከግዴታው የሚያወጣ እንዳይመስል፣ ከሚጠይቁት መካከል ኮሚቴው የመጀመሪያው መሆን አለበት።

በመጨረሻ ለአባቶችና ለእናቶች አንድ ነገር ላሳስብ። ዛሬ በእጃችን ያለው ልጅ ነገ ትልቅ ሰው ይሆናል። የዛሬውን ሒሳብ ያን ጊዜ ራሱ ይሠራዋል። ስንት ብር እንደተሰጠ ላያስታውስ ይችላል፤ ማን እንዳስለቀሰውና ማን እንዳልረሳው ግን ያስታውሳል። ዱዓ ለማድረግም እጁን የሚያነሣልን ይኸው ልጅ ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ እያንዳንዳችን እረኛ ነን፤ ስለ መንጋችንም አላህ ዘንድ እንጠየቃለን።

አላህ በመካከላችን ያለውን በጎነት እንዳንረሳ ያድርገን። ለተለያዩት ወላጆች ሰፊ ልብ፣ ሐላል ሲሳይና መመካከርን ይስጣቸው። ልጆቻችንን ለዲናቸውም ለአገራቸውም የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።